«ከምን ጋር ሲነጻጸር?»፦ አርቺ ኮክረን ሐኪሞችን ያፋጠጠበት ጥያቄ

ጊዜው እ.ኤ.አ. 1941 ነው። (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጀርመኖች ግሪክን ይዘዋል። ተሰሎንቄ ከተማ ውስጥ ወደ 20,000 የሚጠጉ የጦር ምርኮኞችን አጉረዋል። ለብዙ ጊዜ የካምፑ ብቸኛ ሐኪም የነበረው ሰው ራሱም ምርኮኛ ነው። አርቺባልድ ኮክረን ይባላል፤ ወዳጆቹ አርቺ ይሉታል። ቀርጤስ ደሴት ላይ የተያዘ የ32 ዓመት ስኮትላንዳዊ ነው።

ለአንድ ምርኮኛ በቀን የሚደርሰው ምግብ 600 ካሎሪ ገደማ ነበር። ለአንድ ጎልማሳ ከሚበቃው ሲሶውን እንኳ አይሞላም። ተቅማጥ ያልያዘው ሰው የለም። ታይፎይድ፣ ዲፍቴሪያና የወፍ በሽታ እየተቀባበሉ ካምፑን ያምሱታል። ከ300 በላይ ሰዎች እግራቸው ከጉልበታቸው በላይ ድረስ አብጧል፤ በጣት ሲጫኑት ይሰረጉዳል። ኮክረን እጅ ላይ ያለው አስፕሪን፣ የጨጓራ አሲድ ማብረጃና የቆዳ ቁስል ማጽጃ ነው። በቃ።

ሐኪሞች ጨምሩልኝ ብሎ የጀርመኑን የጦር ሐኪም ለመነ። «አይሆንም! ሐኪም ትርፍ ነው» አለው። ኮክረን በንዴት ጦፈ። በዲፍቴሪያ ብቻ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ይሞቱብኛል ብሎ ፈርቶ ነበርና።

የሞቱት 4 ሰዎች ናቸው። 3ቱን የገደላቸው ደግሞ የጀርመኖች ጥይት ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን «በአስፕሪን ብቻ ስንቱን አተረፍኩ» እያለ ዕድሜ ልኩን ያወራው ነበር። ኮክረን ከ30 ዓመት በኋላ ሲጽፈው እንዲህ አላለም። ውጤቱ ከእኔ ችሎታም ሆነ ከሰጠኋቸው መድኃኒት ጋር አይገናኝም፤ ያየሁት የሰው ገላ ራሱን በራሱ የማዳን አቅሙን ነው አለ። ያ ጀርመናዊ ጨካኝ ይሁን ብልህ አላውቅም፣ ትክክል ግን ነበር ብሎም ጨመረበት።

ዛሬ «በማስረጃ ላይ የተመሠረተ ሕክምና» የሚባለው አስተሳሰብ ብዙ አባቶች አሉት። ስሙን ያወጡለት በ1990ዎቹ መጀመሪያ ካናዳ የነበሩ ሐኪሞች ናቸው። ነገሩን ለማስረዳት ግን ከኮክረን የሚሻል ሰው አላገኘሁም። ሐኪም ሆኖ የሐኪሞችን እርግጠኝነት ሲጠራጠር የኖረ፣ የራሱንም ጭምር ያልማረ ሰው ነው።

ዳማከሴ የጠጣውም፣ ያልጠጣውም

«ምች መቶኝ ዳማከሴ ጨምቀው ቢሰጡኝ በሦስተኛው ቀን ብድግ አልኩ» የሚል ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል። ሰውዬው አልዋሸም። አሞታል፣ ጠጥቷል፣ ተሽሎታል። ጥያቄ ያለው «ስለዚህ ያዳነኝ ዳማከሴው ነው» የሚለው ላይ ነው።

ምች የምንለው ብዙ ጊዜ ትኩሳት፣ ራስ ምታትና ከንፈር ላይ የሚወጣ ቁስል ነው። የከንፈሩን ቁስል የሚያመጣው ሄርፐስ የሚባል ቫይረስ ነው። ምንም ሳይደረግለት በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ይድናል። ስለዚህ ዳማከሴ የጠጣውም፣ ፋርማሲ ሄዶ ክኒን የገዛውም፣ ዝም ብሎ የተኛውም ይድናል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ምስክር ይሆናሉ። ዝም ብሎ የተኛው ግን «ምንም ሳልወስድ ዳንኩ» እያለ ሰፈር ለሰፈር አይዞርም። ወሬው ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን የሚያጋድለው ለዚህ ነው።

ዳማከሴ አይሠራም ማለቴ አይደለም። ሊሠራ ይችላል። የዳነ ሰው ምስክርነት ግን መሥራት አለመሥራቱን ሊነግረን አይችልም። ለዘመናዊው ክኒንም ያው ነው።

ሌላም አለ። ሰው መድኃኒት ፍለጋ የሚወጣው ሕመሙ ሲጠናበት ነው። የወገብ ሕመም፣ የጨጓራ ሕመም፣ ራስ ምታት ወጣ ገባ የሚሉ ነገሮች ናቸው። ሲብስብህ መድኃኒት ትወስዳለህ፤ ከባሰበት ቀን በኋላ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ቀለል ያለ ቀን ነው። ምስጋናውን የሚወስደው መድኃኒቱ ነው። በዚያ ላይ ተስፋ ራሱ ሕመምን ያቀላል፤ ባዶ ክኒን (መድኃኒት የሌለበት) ተሰጥቷቸው ሕመማቸው የሚቀንስላቸው ሰዎች ጥቂት አይደሉም። በመጨረሻም የሞተ ሰው አይመሰክርም። «እኔን አድኖኛል» የሚሉህን ትሰማለህ እንጂ ያላዳናቸውን አትሰማም።

እነዚህን ሁሉ የሚያጣራ አንድ ጥያቄ አለ፦ ከምን ጋር ሲነጻጸር? መድኃኒቱን የወሰዱት ዳኑ፣ እሺ። ተመሳሳይ ሰዎች መድኃኒቱን ባይወስዱስ ኖሮ?

ሃያ እስረኞችና ትንሽ እርሾ

ወደ ካምፑ እንመለስ። የእግሩ እብጠት ኮክረንን አሳስቦታል። እሱም ራሱ አብጧል፣ የወፍ በሽታም ይዞታል። ነገሩ የቫይታሚን ቢ እጥረት ይሆናል ብሎ ጠረጠረ። እርሾ ውስጥ ደግሞ ቫይታሚን ቢ አለ። ከጥቁር ገበያ ትንሽ እርሾ አገኘ።

እዚህ ላይ ሌላው ሐኪም ለባሰባቸው ያድለው ነበር። የተሻላቸው ሲኖሩ «ሠራ» ይላል፣ ያልተሻላቸውን «ዘግይተው ነው» ይላል። ኮክረን ግን ተማሪ ሳለ የሰማው የጄምስ ሊንድ ታሪክ ትዝ አለው። ሊንድ በ1747 ስከርቪ (በቫይታሚን ሲ እጥረት የሚመጣ በሽታ) የያዛቸውን 12 መርከበኞች ሁለት ሁለት አድርጎ ከፋፍሎ ስድስት ዓይነት ነገር ሰጣቸው። ቶሎ ያገገሙት ብርቱካንና ሎሚ የበሉት ሁለቱ ነበሩ።

ኮክረንም 20 ምርኮኞችን መርጦ ሁለት ክፍል ውስጥ አሥር አሥር አድርጎ አስተኛ። አንደኛው ክፍል በቀን ሦስት ጊዜ እርሾ ያገኛል። ሁለተኛው ክፍል በቀን አንድ የቫይታሚን ሲ ክኒን ያገኛል። እብጠቱ እየጎደለ መሆን አለመሆኑን የሚለካበት መሣሪያ የለውም። ስለዚህ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚሸኑ ቆጠረ፤ የተጠራቀመው ውኃ ሲወጣ ሽንት ይበዛልና።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ልዩነት የለም። በአራተኛው ቀን የእርሾው ክፍል ሰዎች ሽንታቸው በዛ፣ ቀለለን አሉ። ሌላኛው ክፍል እንደነበረ ነው። ኮክረን ውጤቱን በወረቀት አስፍሮ ለጀርመኖቹ አቀረበ። ልመናውን አልሰሙትም ነበር፤ ቁጥሩን ግን ሰሙት። እርሾ መጣ።

ይህን ጥናት በኋላ ራሱ «የመጀመሪያዬ፣ የከፋውና ግቡን የመታው ጥናቴ» ብሎታል። የከፋው ያለው ወዶ አይደለም። ሰዎቹ 20 ብቻ ናቸው። ጊዜው ጥቂት ቀናት ነው። መለኪያው አጠራጣሪ ነው። ሐኪሙም ሕመምተኞቹም ማን ምን እንደሚወስድ ያውቃሉ። የዛሬ መጽሔት ቢሆን ይመልሰዋል። ግን ትክክለኛውን ጥያቄ ይዞ ነው የተነሳው።

ዕጣ ለምን ያስፈልጋል?

ኮክረን በኋላ ወደ ጀርመን ተወስዶ ሳንባ ነቀርሳ የያዛቸውን ምርኮኞች ያክም ነበር። እዚያ ማንም አያዝዘውም። እንደፈለገ ማከም ይችላል። ያስጨነቀው ይህ ነጻነት ነው፤ የትኛው ሕክምና ለማን እንደሚጠቅም አያውቅማ። ያንን ነጻነቴን በጥቂት እውቀት ብለውጠው ደስ ባለኝ ነበር ብሎ ጽፏል። ብዙ ሐኪም በልቡ የሚያስበው፣ አፍ አውጥቶ የማይለው ነገር ይመስለኛል።

ከጦርነቱ በኋላ መልሱ ከለንደን መጣ። ብራድፎርድ ሂል የሚባል የስታቲስቲክስ ሊቅ የተሳተፈበት ጥናት በ1948 ታተመ። መድኃኒቱ ስትሬፕቶማይሲን ነው፣ ሕመሙ የሳንባ ነቀርሳ። ብሪታንያ ያኔ ዶላር ስላጠራት መድኃኒቱን ለሁሉም መግዛት አትችልም ነበር። ስለዚህ 107 ሕመምተኞችን በዕጣ ለዩ። 55ቱ መድኃኒቱን ከአልጋ ዕረፍት ጋር አገኙ። 52ቱ በጊዜው የተለመደውን፣ ማለትም የአልጋ ዕረፍት ብቻ አገኙ። በስድስት ወር ውስጥ ከ55ቱ 4 ሞቱ፣ ከ52ቱ 14።

ዕጣው ለምን? ሐኪሙ ለምን አይመርጥም? ሐኪም ሰው ስለሆነ ነው። ሊድን የሚችለውን ወጣት ሲያይ መድኃኒቱን ለእሱ ይሰጣል። ወይም አዝኖ ለባሰበት ይሰጣል። በየትኛውም መንገድ ሁለቱ ቡድኖች ገና ከመነሻው አይመሳሰሉም። ዕጣ ግን አያዝንም፣ አያዳላም። በሺህ የሚቆጠር ሰው በዕጣ ከለያችሁ ሁለቱ ወገኖች በዕድሜ፣ በድህነት፣ በሕመም ክብደት፣ ባላሰባችሁትም ነገር ሁሉ ተቀራራቢ ይሆናሉ። የሚለያያቸው መድኃኒቱ ብቻ ነው። የብራድፎርድ ሂል ቡድን ዕጣውን በታሸገ ፖስታ ውስጥ ያስቀመጠውም ማንም ቀድሞ አይቶ እንዳይመርጥ ነው። የሳንባውን ራጅ የሚያነቡት ሐኪሞችም ራጁ የማን እንደሆነ አይነገራቸውም ነበር።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። ሰዎቹን መከታተል ሲቀጥሉ ባክቴሪያው ስትሬፕቶማይሲንን እየለመደ ብዙዎች መልሰው ታመሙ። መድኃኒቶችን አጣምሮ መስጠት የተጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ዛሬ ኢትዮጵያ ውስጥ ቲቢ የተገኘበት ሰው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት አራት መድኃኒቶችን በአንድ ላይ የሚወስደው፣ ቢሻለውም ስድስት ወሩን ጨርስ የሚባለው በዚህ መንገድ በተገኘ እውቀት ነው።

የተገለበጠው ሰንጠረዥ

ከኮክረን ታሪኮች ሁሉ የምወደው ይህንን ነው። በ1960ዎቹ ብሪታንያ ሆስፒታሎች ለልብ ሕመምተኞች ልዩ ክትትል የሚሰጡ ክፍሎችን እየከፈቱ ነበር። ዋጋቸው ውድ ነው፤ ጥቅማቸውን ግን በንጽጽር የፈተሸ አልነበረም። ድንገተኛ የልብ ሕመም የያዛቸውን ሰዎች በዕጣ ለይቶ ገሚሱን በእነዚህ ክፍሎች፣ ገሚሱን ቤታቸው ማከም የሚል ጥናት ተነሳ። የልብ ሐኪሞቹ ጮኹ። ቤት መተው ግፍ ነው አሉ። እንደምንም ብሪስቶል ላይ ተጀመረ።

የመጀመሪያዎቹ ወራት ውጤት ሲመጣ ቤት የታከሙት በጥቂቱ የተሻለ ሆነው ተገኙ። ልዩነቱ ግን ከአጋጣሚ የማይለይ ትንሽ ነገር ነው። ኮክረን ሁለት ወረቀት አዘጋጀ። አንዱ እውነተኛው ነው። ሌላው ላይ ቁጥሮቹን ገለበጣቸው፣ ሆስፒታሉ የተሻለ እንዲመስል። መጀመሪያ የተገለበጠውን ለልብ ሐኪሞቹ አሳያቸው። ተቆጡ። «አርቺ፣ ድሮም ሥነ ምግባር እንደሌለህ እናውቅ ነበር፤ ጥናቱን አሁኑኑ አቁም» አሉት።

ንግግራቸውን እስኪጨርሱ ጠበቀ። ከዚያ ይቅርታ ጠይቆ እውነተኛውን ወረቀት አወጣና፦ እንግዲህ የልብ ክፍሎቹን አሁኑኑ ይዘጉ በሉ አላቸው። ጭጭ አሉ።

ያው ቁጥር ነው። ሆስፒታሉን ሲደግፍ «በቂ ማስረጃ» ነበር፤ ሲቃወም «ገና ጥቂት መረጃ» ሆነ። ሁላችንም የምናደርገው ነገር ነው፤ የምንወደው ነገር ላይ ማስረጃው ቶሎ ይበቃናል። (እዚህ ላይ ላስጠንቅቅ፦ ይህ የ1960ዎቹ ወሬ ነው። ዛሬ የተዘጋ የልብ ደም ሥር የሚከፍቱ ሕክምናዎች አሉ፤ ደረቱን ጨምድዶ የያዘው ሰው ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል መድረስ አለበት።)

ኮክረን ራሱም የዚህ ሰለባ ሆኗል። በ1956 የተደረገለት ቀዶ ሕክምና ላይ ሐኪሙ ብብትህ ውስጥ ያለው ሥጋ በካንሰር የተወረረ ነው ብሎ ነገረው። ኮክረን ያ ሁሉ ተጠራጣሪ ሰው ሳይጠይቅ አመነ፣ ለሞት ተዘጋጀ። በኋላ ከላቦራቶሪ የመጣው ውጤት ካንሰር የለም አለ።

«ታዲያ ይህ ሁሉ ቁጥር ሐኪሙን ልበ ደንዳና አያደርገውም ወይ?» የሚል ሰው አይጠፋም። ኮክረን ለዓመታት ሳያወራው የቆየ ነገር አለ። ኤልስተርሆርስት በሚባለው የምርኮኞች ሆስፒታል አንድ ወጣት የሶቪየት ወታደር በሌሊት አመጡለት። ሳንባው ተበላሽቷል፣ ይጮኻል። ኮክረን ጩኸቱ የሕመም ነው ብሎ አስፕሪን ሰጠው፤ ምንም። ሞርፊን የለውም። ሩሲያኛም አይችልም ነበር ማለት ይቻላል። የሚያደርገው ሲያጣ አልጋው ላይ ተቀምጦ ልጁን አቀፈው። ጩኸቱ ወዲያው ቆመ። ከጥቂት ሰዓት በኋላ በሰላም አረፈ። ያስጮኸው ብቸኝነት እንጂ የሳንባው ሕመም አልነበረም ብሎ ኮክረን ደመደመ፤ በሽታውን በመሳቱም አፈረ። እንግዲህ ማስረጃ ይምጣ እያለ ሲወተውት የኖረው ሰው ይህ ነው።

አንድ መድኃኒት፣ አራት መልስ

በ1979 ኮክረን ሌላ ነገር አነሳ። ጥናቶቹ አሉ፣ ግን ተበታትነዋል። በየዘርፉ የተሠሩትን ጥናቶች ሁሉ ሰብስቦ፣ መዝኖ፣ በየጊዜው እያደሰ የሚያቀርብ የለም፤ ይህ ለሙያችን ነውር ነው አለ። ከሁሉ የባሰ ማስረጃ አልባ ዘርፍ ብሎ ለማኅፀንና ጽንስ ሐኪሞች «የእንጨት ማንኪያ» ሸለማቸው። ብሪታንያ ውስጥ ጭራ ለወጣ የሚሰጥ የፌዝ ሽልማት ነው።

ምን ያህል ትክክል እንደነበረ የሚያሳየው ስቴሮይድ የሚባለው የመድኃኒት ዓይነት ታሪክ ነው።

ኒውዚላንድ ውስጥ ሞንት ሊጊንስ የሚባል ሐኪም በጎች ላይ ሲመራመር አንድ ነገር አስተዋለ። ስቴሮይድ የተሰጠው፣ ያለ ጊዜው የተወለደ ግልገል ሳንባው ይከፈታል፤ መሞት ሲገባው ይተነፍሳል። ከሕፃናት ሐኪሙ ሮስ ሃዊ ጋር ሆኖ ነገሩን ያለ ቀኑ ምጥ በመጣባቸው እናቶች ላይ በዕጣ ፈተሸ። በ1972 አሳተሙት። ስቴሮይድ ካልተሰጣቸው እናቶች ከተወለዱት ሕፃናት ከመቶ 26 ያህሉ ከባድ የመተንፈስ ችግር ነበረባቸው፤ ከተሰጣቸው 9 ብቻ።

ርካሽ መርፌ ነው። ታዲያ ዓለም ተቀበለው? አልተቀበለውም። በሚቀጥሉት ዓመታት ሌሎች ጥናቶች ተሠሩ። ብዙዎቹ ትንንሽ ስለሆኑ ለየብቻ ሲታዩ «ይመስላል፣ እርግጥ ግን አይደለም» የሚሉ ናቸው። ሁሉንም አንድ ላይ ደምሮ ያየ ሥራ እስከ 1989 አልታተመም። ሲደመሩ መልሱ ፍጥጥ ብሎ ወጣ፤ መርፌው የሕፃናቱን የመሞት ዕድል ከ30 እስከ 50 በመቶ ይቀንሳል። መረጃው እያለ፣ ሰብስቦ የሚያነበው ጠፍቶ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሕፃናት ሳያልፉ አልቀሩም።

ኮክረን በ1988 ሞተ። በ1992 ኢየን ቻልመርስ የሚባል ሐኪም ኦክስፎርድ ላይ በስሙ ማዕከል ከፈተ። በቀጣዩ ዓመት ዓለም አቀፍ ኅብረት ሆነ። የድርጅቱን ዓርማ ልብ ብላችሁ ካያችሁ ክቡ ውስጥ ትንንሽ አግድም መስመሮች አሉ። እነዚያ የስቴሮይዱ ጥናቶች ናቸው። ብዙዎቹ መካከል ያለውን ቋሚ መስመር ይነካሉ፤ ለብቻቸው አያሳምኑም ማለት ነው። ከሥር ያለችው አልማዝ መሳይ ቅርጽ ድምራቸው ናት። እሷ መስመሩን አትነካም።

«እንግዲያው ስቴሮይድ ጥሩ መድኃኒት ነው» ለማለት ግን አትቸኩሉ። ጭንቅላታቸው የተመታ ሰዎችም ለአሠርት ዓመታት ስቴሮይድ ሲሰጣቸው ኖሯል። ምክንያቱ አሳማኝ ነው፤ አንጎል ሲመታ ያብጣል፣ ስቴሮይድ እብጠት ይቀንሳል። በ2004 ከ10,000 በላይ ሕመምተኞች ያሳተፈ ጥናት ወጣ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ባዶ መርፌ ከተሰጣቸው ከመቶ 18 ገደማ ሞቱ። ስቴሮይድ ከተሰጣቸው 21 ገደማ ሞቱ። አሳማኙ ሕክምና ሲገድል ኖሯል። አንድም ሐኪም አላወቀም፤ ማወቅም አይችልም ነበር። ጭንቅላቱ ክፉኛ የተመታ ሰው ሲሞት የሚወቀሰው አደጋው ነዋ!

ከዚያ ኮቪድ መጣ። እኛ ዘንድ ፌጦና ነጭ ሽንኩርት የነገሡበት ሰሞን መሆኑን ታስታውሳላችሁ። ሌላው ዓለም ደግሞ ሃይድሮክሲክሎሮኪን በሚባል የወባ መድኃኒት አብዷል። ብሪታንያ በሺህ የሚቆጠሩ ሕመምተኞችን በዕጣ ለይታ በርካታ መድኃኒቶችን አንድ ላይ ፈተሸች። ሃይድሮክሲክሎሮኪን ሞትን አልቀነሰም። ዴክሳሜታዞን የተባለው ርካሽ ስቴሮይድ ግን ቀነሰ። መተንፈሻ ማሽን ላይ ከነበሩት መድኃኒቱን ካላገኙት ከመቶ 41 ሞቱ፣ ካገኙት 29። በዚያው ሰሞን የኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴርም ኦክስጅንና ማሽን ለሚያስፈልጋቸው ሕሙማን እንዲሰጥ መከረ።

እዚህች ቁጥር ላይ ትንሽ እንቆይ። ዜናው «ሞትን በሲሶ ይቀንሳል» አለ። ከ41 ወደ 29 መውረድ እውነትም ወደ ሲሶ ይጠጋል። ግን ያው ነገር «ከመቶ ሰው ተጨማሪ 12 ይተርፋል» ተብሎም ይነገራል። ሁለተኛው ይሻላል። «ሲሶ ይቀንሳል» የሚለው ከሦስት ሰው ወደ ሁለት ለወረደውም፣ ከሦስት መቶ ወደ ሁለት መቶ ለወረደውም ይሠራል። ማስታወቂያ ሠሪ በመቶኛ ብቻ ሲያወራችሁ «ከስንት ወደ ስንት?» በሉት።

ከዚህም በላይ፣ ኦክስጅን ያላስፈለጋቸው የኮቪድ ሕሙማን ዴክሳሜታዞን አልጠቀማቸውም። እንዲያውም ከወሰዱት ከመቶ 18፣ ካልወሰዱት 14 ሞቱ። ልዩነቱ ከአጋጣሚ አያልፍ ይሆናል፤ ቢሆንም ከፋርማሲ ገዝቶ ቤቱ ለሚውጠው ሰው ጥሩ ዜና አይደለም።

ወደ እናቶቹ ልመለስና ላብቃ። ነገሩ ለእኛ ቅርብ ነውና። የአውሮፓና የአሜሪካ ማስረጃ ጠንካራ ስለሆነ መርፌውን በድሃ አገሮች እስከ ገጠር ጤና ጣቢያ እናውርደው የሚል ሐሳብ መጣ። ኬንያንና ዛምቢያን ጨምሮ በስድስት አገሮች ተሞከረ። በ2015 የወጣው ውጤት አስደነገጠ። መርፌው በተስፋፋባቸው አካባቢዎች ከ1,000 ሕፃናት 27 ገደማ ሞቱ፤ ባልተስፋፋባቸው 24 ገደማ። እርግዝናው ስንት ሳምንት እንደሆነ በትክክል አይታወቅም ነበርና መርፌውን ካገኙት እናቶች ብዙዎቹ ቀናቸው የደረሰ ነበሩ። በእናቶች ላይ የኢንፌክሽን ጥርጣሬም ጨመረ።

እና መርፌው ይቅር? የዓለም ጤና ድርጅት እንደገና አስጠናው። አሁን ግን በአምስት አገሮች፣ ባንግላዴሽ፣ ሕንድ፣ ኬንያ፣ ናይጄሪያና ፓኪስታን፣ በ29 ሆስፒታሎች ውስጥ። ሳምንቱ በአልትራሳውንድ ተለይቷል፣ ለሕፃናቱም እንክብካቤ አለ። በ2020 መልሱ መጣ፤ ባዶ መርፌ ከተሰጣቸው እናቶች ሕፃናት ከመቶ 23 ተኩል ሲሞቱ፣ ዴክሳሜታዞን ከተሰጣቸው 19 ተኩል ገደማ ሞቱ። ጥቅሙ ግልጽ ስለሆነ ጥናቱ ከታቀደለት ቀድሞ ቆመ።

ስለዚህ የዛሬው ምክር ቅድመ ሁኔታ አለው። የእርግዝናው ሳምንት በትክክል ይታወቅ። ምጡ በሰባት ቀን ውስጥ የመምጣት ዕድሉ ከፍ ያለ ይሁን። እናትየው የኢንፌክሽን ምልክት አይታይባት። ያለ ቀኑ የሚወለደውን ሕፃን የሚንከባከብ ክፍል ይኑር። ነፍሰ ጡር ዘመድ ያላችሁ ሰዎች ከዚህ የምትወስዱት ቀላል ነገር አለ፦ የመጀመሪያውን አልትራሳውንድ በጊዜ ታሠራ፣ ወረቀቱንም ታስቀምጥ። ያለ ቀኑ ምጥ ቢመጣ ሐኪሙ መርፌውን ለመወሰን መጀመሪያ የሚፈልገው ያንን ወረቀት ነው።

ሌላ ሕክምና ላይም ቢሆን ማየት ለሚፈልግ፣ የኮክረን ኅብረት ጥናቶቹን ደምሮ የሚያወጣቸው ዘገባዎች ለማንም አንባቢ በቀላል ቋንቋ የተጻፈ ማጠቃለያ አላቸው። ማጠቃለያው በኢንተርኔት በነጻ ይነበባል። እንግሊዝኛ የሚያነብ ልጅ ቤታችሁ ካለ የመድኃኒቱን ስም ሰጥታችሁ እንዲፈልግላችሁ አድርጉ። ብዙ ጊዜ የምታገኙት መልስ «ማስረጃው ደካማ ነው» የሚል ይሆናል። ይህንንም ለሐኪማችሁ ወስዳችሁ «ከምን ጋር ተነጻጽሮ ነው የታዘዘልኝ?» ማለት ይቻላል። ቅር የሚለው ሐኪም ይኖር ይሆናል፤ ጥሩ ሐኪም ግን ወንበሩን ሳብ አድርጎ ያስረዳችኋል።